ተሳፋሪ የሚያስተኛ መኪና

አሶሳ፣ አምባ 14
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙስካት ላለሽው ለትዕግሥት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአክስትሽ የአገኘሁሽ መቃብር ደህና ነው፤ አጥሩን አድሼዋለሁ። ዝናቡ ገብቷል። ማንጎው ዘንድሮ ለዝንጀሮም ተርፏል። አንቺንም የሰው አገር ሙቀት እንዳይጥልሽ፣ የቆምሽበት መሬት ያጽናሽ።

ይህን የምጽፈው ችግር ኖሮብኝ አይደለም፤ ቀድመሽ እወቂው። አራት ወር አንድ መስመር ሳትጽፊ ከርመሽ፣ በወዳጄ በዓብዱልባሲጥ ስልክ «ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» ብለሽ ላክሽ። ስለ እኔ ጤና የለም፣ ስለ መኪና! የሌላ ሰው ልጅ ብትሆኚ አይቆጨኝም፤ አክስትሽ እንደ ልጇ ያሳደገችሽ አንቺ ነሽ። ጠየቅሽ፤ እንግዲህ ስሚ።

ሚኒባሷ ከጥምቀት ወዲህ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። ከጾሬ የስደተኞች ካምፕ ስመለስ ሁለት ጊዜ ሰው አስወርጄ አስገፍቻለሁ። ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ከተማ ወስጄ ለአንድ መካኒክ ተብዬ አሳየኋት። ወንበሩን አንስቶ በወጉ ሳያያት «አባ፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ምላሱ ይውረድ! እኔ በደርግ ጊዜ የሰፈራውን ትራክተር በጆሮዬ እያዳመጥኩ ሳስነሳ እሱ አልተወለደም።

ራሴ ከሥሯ ገባሁ። ገብቼ አየሁት፤ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ያ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ድፍን ማርሚታ ነው ያነቃት። ሰውም ቢሆን አፍንጫውን ይዘው ዳገት ውጣ ቢሉት አይወጣም። ቆርጬ ጣልኩት። በቦታው ከተሰበረው የእጅ ፓምፕ የተረፈ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ገባ። አጭር አጭር ስለሆነ ሦስት ቦታ ቀጣጥየዋለሁ። በያጁ መብራት የለም አለኝ። ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? አክስትሽ የአረቄውን ማሰሮ ከቀርከሃው ጋር የምታያይዝበትን አመድና ጭቃ አቦካሁ፤ መጋጠሚያውን መረግሁት፤ በጨርቅ ጠቅልዬ በሽቦ ጠፈርኩት። ያቺ ሴት ሠላሳ ዓመት አረቄ ስታወጣ እንፋሎት አምልጧት አያውቅም።

አሁን ድምጿ የጭነት መኪና ነው። መናኸሪያ ስገባ ሰው ዞሮ ያያል። ያ ከባምባሲ የመጣው ሾፌር ኢተፋ «አያ የሻው፣ አውሮፕላን ገዛህ እንዴ?» ይለኛል። ቅናት ነው።

አንዲት ነገር ብቻ አለች። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ከሥሯ «ጧ! ጧ!» ትላለች። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለማወቅ ያህል ነው። ያ የተማርሽበት ወረቀት ስለዚህ የሚለው ካለ ጻፊ። ከሌለም ተይው።

የአክስትሽ ባል፣ የሻው

ሙስካት
ዓርብ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ የሻው፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ማሳው፣ ጎረቤቱ፣ ዝናቡ እንደምን ነው? የአክስቴን አጥር ስላደሱ እግዜር ያክብርዎ፤ ነፍሷን ይማር። እኔ ደህና ነኝ። የማገለግላት እመቤት ስልኬን የምትሰጠኝ ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ ነው የዘገየሁት። ደብዳቤዎን ዓብዱልባሲጥ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ይህንንም በእጄ ጽፌ ፎቶውን እልክለታለሁ፤ አሳትሞ ያደርስልዎታል።

ጋሼ፣ ሳነበው በጣም ተናደድኩ።

«ጧ» የሚለው ቧንቧው ስለሚተነፍስ ነው። እግርዎን ሲያነሱ የውጭ አየር በቀዳዳው ይገባና ሳይቃጠል የመጣውን ቤንዚን እዚያው ቧንቧው ውስጥ ያቃጥለዋል። የአክስቴ ጭቃ ለአረቄ ነው። የአረቄ እንፋሎት እጅ ያቃጥላል እንጂ ጭቃ አይሰነጥቅም። ከሞተር የሚወጣው ግን ብረት ያቀላል። ጭቃው ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ጨርቁም ነዷል። ሳላየው እነግርዎታለሁ።

እንዲህ ያድርጉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በየመጋጠሚያው ያፍስሱ፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሳ። አረፋ የነፋበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከዚያ የአየር ፊልትሮውን ይክፈቱ። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎችም ይፍቱ፤ ጫፋቸው እንደ ከሰል ከጠቆረ አየር አጥሯት ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። ዳገቱን የከለከላት እሱ ይመስለኛል። ማርሚታው ምንም ላይሆን ይችላል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

«ያ የተማርሽበት ወረቀት» ብለዋል። ወረቀቱ እርስዎ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት አሶሳ አውቶሞቲቭ ተምሬ ስወጣ አንድም ጋራዥ ሴት አልቀጥርም አለኝ። እሺ፣ እነሱ ባዕድ ናቸው። እርስዎ ግን መፍቻዬን ይዤ ወደ መኪናዎ ስጠጋ በሰው ፊት እጄን መትተው «ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ» አሉኝ። ይኸው ሰው አገር መጥቼ እየከተፍኩ ነው።

ሳሙናውን ያድርጉ።

ትዕግሥት

አሶሳ፣ አምባ 14
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብናደድም ሰላምታ አልነፍግም፤ እኛ ቤት እንዲህ ነው።

ደብዳቤሽን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ከእኔ ቀድማ አነበበችው። ስትሰጠኝ «ሳሙና ከፈለጉ እኔም እሸጣለሁ» አለችኝ። የሽንኩርቱን ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። ያኔ እጅሽን የመታሁት ሴት ልጅ መኪና ሥር ተጋድማ መናኸሪያ ሙሉ ወንድ ሲያያት አላስችል ብሎኝ ነው። አክስትሽ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሳሙና ልብስ ይታጠብበት። መኪናዬ ደህና ናት። እንዲያውም ተሳፋሪው እንዴት እንደወደዳት ልንገርሽ። ዝናቡ ስለበረታ መስኮት ዘግተን ነው የምንሄደው። ድሮ ከአሶሳ ጾሬ በጭቅጭቅ ነበር፤ ስለ ራሽኑ፣ ስለ በርበሬው፣ ዘፈን ክፈት፣ ዘፈን ዝጋ። አሁን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሁሉም ለጥ ይላል። ስንደርስ ትከሻቸውን እየነቀነቅሁ ነው የማወርዳቸው። መኪና ካልተመቸ ሰው ይተኛል? እስቲ ኢተፋ መኪና ውስጥ የሚተኛ ካለ አሳዪኝ!

ዐርዋ የምትባል ሱዳናዊት አለች፤ ካምፑ ውስጥ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሐሙስ ሐሙስ አሶሳ ሐኪም ቤት ለክትትል አመላልሳታለሁ። ነፍሰ ጡር ስለሆነች ከኋላ አላስጨንቃትም፤ ጋቢና ከጎኔ ነው የማስቀምጣት፤ ሞተሩ ከሥር ስለሆነ ይሞቃታል። ሁለት ጊዜ አስመልሷታል፤ የእርግዝና ነው። ባልዋ አብዱልረሂም ባየኝ ቁጥር እጄን ይዞ ይመርቀኛል። እንዲህ የሚያከብረኝ ባዕድ ነው፤ የገዛ ቤተሰቤ ሳሙና ይልክልኛል።

እኔን ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ጠምዝዞ ይይዘኛል፤ ምግብም አልስማማ ብሎኛል። እሑድ ቤት ስውል ደህና ነኝ። እርጅናም የሥራ ቀን መርጦ ይመጣል መሰለኝ። እዚያ ጠንካራ የራስ ምታት ክኒን ካለ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ሌላ የጠየቅሁሽ ነገር የለም፤ ሌላም አትጻፊልኝ።

የሻው

ሙስካት
ዓርብ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ የሻው፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። መኪናዋን ያቁሙ።

ተሳፋሪው ተመችቶት አይደለም የሚተኛው። እየተመረዘ ነው። ከሞተር ጭስ ጋር ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው ጋዝ ይወጣል። በተሰነጠቀው ጭቃዎ በኩል ሾልኮ በወለሉ ይገባል፤ መስኮት ሲዘጋ እዚያው ይቀራል። ሰው ሲተነፍሰው ደሙ ውስጥ የአየርን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ቀጥሎ ያስተኛል፤ ትንሽ ከበዛ የተኛው አይነሳም። ሞተሯ አየር አጥሯት ጥቁር ጭስ የምትተፋ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ብዙ እጥፍ ነው። እሑድ ደህና የሚሆኑት እርጅና እሑድ ስለሚያርፍ አይደለም። እሑድ እዚያ መኪና ውስጥ ስለማይገቡ ነው።

ያቺን ሴት ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጠው ቀዳዳው ላይ አስቀመጧት።

እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ለዓብዱልባሲጥ ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት መጥቶ ቁልፉን ይወስዳል። በሰው ፊት ውሰድበት ብዬዋለሁ። ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ ከእርስዎ የተማርኩት ነው።

ትዕግሥት

አሶሳ፣ አምባ 14
ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዕግሥት፣

ሰላምታ የለኝም ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ እኔ ግን ሰላም ብያለሁ።

ዓብዱልባሲጥ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ተራዬ ደርሶ፣ ሰው ሞልቼ፣ ላስነሳ ስል ነው።

«አያ የሻው፣ ቁልፍ ስጠኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

«መኪና ቁልፍ። ይሄ መኪና ሰው ይገላል። ትዕግሥት ጽፏል።»

«ትዕግሥት ማን ናት? መንገድ ትራንስፖርት ናት?»

«ወላሂ ከዚህ አልነሳም!» ብሎ ያን ሁሉ ሰውነቱን በነጭ ጀለቢያው ጭቃው ላይ ከፊት ጎማ ሥር ዘረጋው። ኢተፋ ይህን ሲያይ «ውረዱ ወገን! የሻው አጥኖ ሊጨርሳችሁ ነው!» እያለ ተሳፋሪዬን አንድ ሳያስቀር ወደ ራሱ ጫነ። ቁልፉን ወርውሬለት ሄድኩ። ለሰፈራ እንደ እህል ጭነው እዚህ ሲያራግፉን እንኳ እንዲያ አልተዋረድኩም።

ቤቴ ገብቼ ዘጠኝ ቀን ተንጨረጨርኩ። ከዚያ በሰው ፊት ያዋረደችኝን በሰው ፊት ውሸቷን አወጣዋለሁ አልኩ። ከትናንት ወዲያ ሰኞ አራት ዶሮዎቼን በቅርጫት ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ዓብዱልባሲጥን «ቁልፉን አምጣና ራስህ አስነሳት» አልኩት። ኢተፋንም ጠራሁት።

«እነዚህ ዶሮዎች ናቸው። ጤነኛ ናቸው። መስኮቱን ዝጉ። ጾሬ ደርሶ መልስ ያህል ሞተሩ ይሥራ። ስንከፍተው አውራው ይጮህላችኋል፤ ያኔ ሁለታችሁም ጫማዬን ትስማላችሁ።»

ኢተፋ «እኔ ዶሮውን እስማለሁ» አለ። ሰው ሳቀ።

ቅርጫቱን ጋቢና አስቀመጥኩት፤ ዐርዋ የምትቀመጥበት ላይ። ለምን እዚያ እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ ወሰደው። አውራው መጀመሪያ ጮኸ። «ሰማችሁ?» አልኳቸው። ቆየን። ቀጥሎ አንዷ ብቻ ታንኳትት ነበር፤ ከዚያ እሷም ተወች። ኢተፋ «አያ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለኝ።

«ተኝተው ነው» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት፤ በገዛ አፌ። ብዬ ሳልጨርስ ጎማው ላይ ተደገፍኩ።

ሲከፈት አራቱም ሞተዋል። ማንም አልሳቀም። ኢተፋ እንኳ አልሳቀም፤ ቢስቅብኝ በተሻለኝ። ዓብዱልባሲጥ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞልኝ ሲመጣ «አንተው ጋ ይሁን» አልኩት።

ዶሮዎቼን አስጨረስሽኝ ብዬ ልሰድብሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ አልጽፈውም። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ሳታለሳልሺ ንገሪኝ። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ላይ ይህ ነገር ምን ያደርጋል? ቧንቧውን ከቀየርኩ ወዲህ ሰባት ሐሙስ አመላልሻታለሁ።

የሻው

ሙስካት
ዓርብ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ የሻው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይጎዳል። ከእናቱ ይልቅ እሱን ይጎዳል። ሳላለሳልስ ጻፍኩልዎ። ምን ያህል እንደሆነ ግን እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬውኑ ሄደው ይፈልጓት። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ስንት ሐሙስ እንደሄደች፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች፣ መቼ እንዳስመለሳት ሳይደብቁ ይናገሩ። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቀውም። ዓብዱልባሲጥን እንዳይልኩ። በእግርዎ ይሂዱ።

ነይና ሥሪልኝ ሊሉኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አልመጣም። ፓስፖርቴ እመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብትሰጠኝም ለዚያ መኪና ብዬ አልመጣም። እጄን የመቱበት መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እርስዎም የጠየቁኝ ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ሳሙናውን እስካሁን አላፈሰሱም።

ትዕግሥት

አሶሳ፣ አምባ 14
ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመካኒክ ትዕግሥት፣

ይህ ደብዳቤ ጤና ሆነሽ ያግኝሽ። እዚያ ቤት እህል ሳያንቅሽ ብዪ፣ እንቅልፍሽንም በሰላም ተኚ።

ሳሙናውን አፈሰስኩ። ዓብዱልባሲጥ አስነሳ፤ እኔ ከሥር ሆኜ አየሁ። ሦስቱም መጋጠሚያ አረፋ ነፋ፤ ከሁሉ የባሰው ጋቢናው ሥር ያለው ነው፤ ጭቃው ተፈርፍሮ ወድቆ ባዶ ሽቦ ብቻ ቀርቷል። ፊልትሮውን ከፈትኩት፤ ቀይ አፈርና ገለባ ጠቅጥቆታል። ካንዴላዎቹ ከሰል ናቸው። ማርሚታው ምንም አልነበረም፤ ጤነኛውን ነው ቆርጬ የጣልኩት። እንዳልሽው ነው። ያኔ እጅሽን መምታት አልነበረብኝም። ይህን አንዴ ጻፍኩ፤ ደግሜ አልጽፈውም።

ቅዳሜ ጾሬ ሄድኩ። ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ። አብዱልረሂም ከሩቅ ሲያየኝ እየሮጠ መጣ። «አሚ» ነው የሚለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «አሚ የሻው፣ ታመህ ነው? ሁለት ሐሙስ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅንህ!» ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ። ሻይ ቀዳልኝ። ሻዩን እንደያዝኩ ነገርኩት። በአማርኛ ነገርኩት፣ አልገባውም፤ በማውቃት የገበያ አረብኛ ደገምኩት። ሲገባው ብርጭቆውን ከእጄ ቀማኝ።

«ማን ነው መኪናውን እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። በሁለት ቋንቋ ሰደበኝ። ሽማግሌ አለኝ፣ ገዳይ አለኝ፣ አባቴን ጠራ። ያን ጊዜ በሌላ ሰው ቢሆን ዱላዬን አነሳ ነበር። ቆሜ ሰማሁት፤ እስኪደክመው ቆየሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ዐርዋ የተናገረችው ነው። አልጮኸችም። «ከመኪናህ በወረድኩ ቁጥር እስከ ማታ አይንቀሳቀስም ነበር» አለች፣ ሆዷን ይዛ። «ፈራሁ። ግን ከሰው ለይተህ ጋቢና አስቀመጥከኝ፤ መኪናህ ያመኛል ማለት አፈርኩ።»

እኔን ላለማስቀየም ነው ዝም ያለችው፣ ትዕግሥት። እኔን።

አብዱልረሂም ልሄድ ስል ተከተለኝ። «ሐሙስ በምን ትሂድ ታዲያ?» አለኝ። ካምፑ ድረስ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። ኢተፋ በዋናው መንገድ ወደ ሸርቆሌ ያልፋል እንጂ አይገባም፤ መንገዱ መኪና ይሰብራል ይላል።

ሰኞ ኢተፋ ዘንድ ሄድኩ። ተራው ላይ ቆሞ ጫት ይቅማል። «ኢተፋ፣ ሐሙስ ጾሬ ግባልኝ» አልኩት። «ማን ነው የሚለምነኝ? ባለ አውሮፕላኑ?» አለና ሰው እንዲሰማ ደግሞ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ባለ አውሮፕላኑ ነኝ» አልኩት። ዓይኔን አየኝና ሳቁን ዋጠው። «እገባለሁ አያ። ግን አንተም አብረህ ትሄዳለህ፤ መኪናዬ ጭቃ ከያዛት የምትገፋው አንተ ነህ።»

ትናንት ሐሙስ ሄድን። ጭቃ ያዛት፤ ገፋሁ። ለሐኪሟ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰባቱን ሐሙስ፣ ትውከቱን፣ ዶሮዎቹን ጭምር። ጻፈችው። ዐርዋን ወደ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆየች። የልጁ ልብ ይመታል አለች። ሰውነቱ ግን አንሷል አለች። ከዚህ በላይ እስኪወለድ አልናገርም፣ በየሳምንቱ ትምጣ አለች። «ይድናል በይኝ» አልኳት፤ አላለችኝም።

ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። የኢተፋ መኪና ጤነኛ ናት፤ ከመነሳታችን በፊት ከሥሯ ገብቼ በሳሙና አይቻታለሁ፣ ኢተፋ እየተሳደበ። ያም ሆኖ ዐርዋ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከጎኗ ያለውን መስኮት እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው እንደ ባልዲ ገባ። አንዷ በርበሬዋ ራሰባት፤ «ኧረ ሽማግሌ፣ ዝጋው!» አለች። አልዘጋሁም። ሌላው እጁን ሰዶ ሊስበው ሲል እጁን ያዝኩት። «ይሄ ሰውዬ አብዷል!» «ኢተፋ፣ አውርደው!» «ብርድ ሊገድለን ነው!» ኢተፋ በመስታወት አየኝና መንዳቱን ቀጠለ። ዐርዋ ጭንቅላቷን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ፊቷ በዝናብ ርሷል፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። በየጥቂቱ «ነቅተሻል?» እላታለሁ፤ «ነቅቻለሁ» ትለኛለች።

ካምፑ በር እስክንደርስ መኪና ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ ሄደ። አንዱም ግን አልተኛም።

የሻው